ሦስትና ስምንት

ቁጥር ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ይታይሽ፤
ከሱሃ ወንዝ ዳር፣ በርጥብ አሸዋ ላይ።
ስምንት እንቢ ብሎኝ፣ እንባ አንቆኝ ብታይ፣
ጣቴን በጣቷ ይዛ፣
"ሦስትን ታውቀው የለ?" አለችኝ፣ "በል ጻፈው።
ሦስት ማለት፣ ሞኙ፣ ሁለት በር ያለው ነው፤
በሮቹን ብትዘጋ፣ ስምንት አገኘኸው።"

እሷ ስድስተኛ ክፍል፣ እኔ ገና ሦስተኛ።
የሰኔ ዋልካ ኮንጎ ጫማችንን ሲውጥ
የሁለታችንንም አንጠልጥላ፣ እኔን አስቀድማ፣
መንገዱን በማባዛት ታሳጥረው ነበር፤
ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ከድልድዩ ስንደርስ፣
ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ፣ ከደወሉ ሥር።

ጥር ገባ።
ሽማግሌ መጣ፤ ተቀመጠ፤ ጠጣ፤ ተመለሰ።
ማጫው ተቆጠረ፤ ጥንድ በሬ፣ አንዲት ጊደር፣
ከወዲያም ከወዲህም እኩል እየተባለ።
"ደህና ዘር ነው" አሉ፤ "መሬቱም ኩታ ገጠም፤
ዛሬ ያልሰጠናት ነገ ማን ይጠይቃታል?"
አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ
"ካርዷን አምጡ" ብላለች፤ "ዕድሜዋ ይታያል።"

ማታ አባቴ ጠራኝ። ኩራዙን አስጠጋ።
እንደ ትልቅ ሰው አማከረኝ፣ እኔን፣ የአሥር ዓመቱን ልጅ፤
"አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ የኔ ዓይን ጨለማ ነው።
እችን ነገር፣ ልጅየ፣ አስተካክላት እስኪ።"

ይታይሽ አያልነህ። ዕድሜ፦ 13።
የመምህሩ እጅ፣ ሰማያዊ ቀለም።
እንዴት እንደሚሆን ማንንም አልጠየቅሁም፤
እሷው አሳይታኛለች።
የላይኛውን በር ዘጋሁ።
የታችኛውን በር ዘጋሁ።
አባቴ ራሴን ዳበሰኝ፣ "ጎበዝ" አለኝ፤
ትምህርት ቤት እንኳ እንዲያ ያለኝ አልነበረም።
እሷ ጓዳ ናት፤ ለሁለተኛው መንፈቅ
በአሮጌ ጋዜጣ ደብተር ትለብዳለች።

በቅሎ ላይ ሲያወጧት እግሯ አልደረሰም፤
ለአሥራ ስምንት ዓመቷ ሙሽራ
እርካብ አሳጠሩላት።

ከዚያ በኋላ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ፣
ከወዲያኛው ክፍል ስሟ ሲጠራ እሰማ ነበር፤
አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን።
በአራተኛው ቀን መምህሩ ዘለሏት፤
ከአልማዝዬ ወደ ገበያነሽ፣
ጉድጓድ እንደሚሻገር ሰው።

አምስት ዓመት አለፈ። ስምንተኛ ክፍል ነኝ።
ለሚኒስትሪ ፈተና ፎርም ስሞላ፣ እጄ
ከዚያች ቁጥር ሲደርስ ይከዳኛል።
"አንማው፣ ስምንትህን ምን ያንቀጠቅጠዋል?"
ይላሉ መምህሩ፤ ምን ብዬ ልናገር?
ጎረቤቱ ሁሉ ሲመርቅ "ልጁ ይማር!"
እሷ ሳትማር፣ እኔ እንዴት ልማር?

ቅዳሜ ዕለት፣ ብቸና ገበያ፣ ጤፍ ተራ አገኘኋት።
ነጋዴው በስልኩ ሒሳብ ሲነካካ
እሷ ጨርሳለች፤ "ሃያ ሁለት ብር ጎድሏል" አለችው።
እውነትም ጎድሏል።
ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላት፤ አሁን፤ የእውነቱን።

"ያን ካርድ…" ብዬ ጀመርኩ፣
"ያን ካርድ እኮ እኔ ነኝ…"
ነጠላዋን አጣፋች፤ አላስጨረሰችኝም፤
"ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የአንተን ስምንት አጣጣል
እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?"

ልጇ ፈንታነሽ ከእግራችን ሥር ቁጢጥ ብላ
በስንጣሪ አፈር ትጭራለች።
"ስንት ዓመትሽ ነው?" ብላት፣ ጽፋ አሳየችኝ፤
ጠማማ፣ ጎኑን የተኛ፣
ግን ሦስት።
እናቷ ጎንበስ አለች፤ አቃናችላት፤
ደግሞ በክፍቱ በኩል
የወደቀውን ገለባ
በመዳፏ ጠረገችው።